በአባቴ ስልክ ውስጥ ያለችው ሴት

አባቴ በስተርጅና ሌላ ሴት ማድመጥ ጀመረ። አይዟችሁ፣ ትዳር የሚፈርስበት ነገር አይደለም። ሴትዮዋ ያለችው ስልኩ ውስጥ ነው።

እኛ መተማ ዙሪያ ያለን ገበሬዎች ሰሊጥ እንዘራለን። በሚቀጥለው ዓመትስ? ሰሊጥ። ከዚያ በኋላስ? ምን ጥያቄ አለው፣ ሰሊጥ! ትንሽ ማሽላ ብንዘራ እንኳ፣ ከታጨደ በኋላ ከብት ይለቀቅበትና አገዳውን ጠራርጎ ይበላዋል። ማሳው ራቁቱን በጋውን ያሳልፋል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ወደ ወንዝ ይዞት ይሄዳል። የማሳችን የታችኛው ጥግ ዓይናችን እያየ ቦረቦር ሆነ።

እናቴ ስትናገር ኖራለች። "አንተ ሰውዬ፣ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ማሾ እያፈራረቅህ ዝራ። አገዳውን ግማሹን ለከብቱ፣ ግማሹን ለመሬቱ ተው። ለልጆቻችን ቦረቦር ልታወርስ ነው?" ትለዋለች። አባቴ "እሺ" ይላል። ይህቺ እሺ ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ የሚላት ናት።

ታዲያ የገበሬ ማኅበራችን አዲስ ነገር አመጣ። ሳተላይት ከላይ ሆኖ ማሳችሁን ያያል፣ አፈሩ ሊራቆት ሲል በስልክ ይነገራችኋል ተባልን። እውነትም ስልኩ ጮኸ። የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለች ሴት። "የተከበሩ አርሶ አደር፣ ዘንድሮ በማሳዎ ላይ ማሽላና ማሾ ይዝሩ" አለችው። አባቴ ሻሂውን አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እሺ የኔ እመቤት" አላት። ዘራም!

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። ቆይቶ ግን ከፋት። "እኔ ከጎኑ ሆኜ ስነግረው የኖርኩትን፣ እሷ ሰማይ ላይ ወጥታ ስትነግረው ሰማ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ማሽላው ታጨደ፣ ከብቶቻችን ገቡ። የጎረቤትም ገቡ። በእኛ አገር አዝመራ ከተነሳ በኋላ የሰው ከብት ከማሳ ማባረር ነውር ነው። አባቴ ሴትዮዋ "አሁን ያውጡ" እስክትለው ይጠብቃል። ይሄኔ ኔትወርክ ጠፋ። እኛ ጋ ኔትወርክ ሲጠፋ መቼ እንደሚመለስ ተናግሮ አይሄድም። አባቴ ስልኩን ይዞ ኩይሳ ላይ ወጣ። ግራር ላይ ሊወጣ ሲል እኔ ያዝኩት። ከብቱ ይበላል፣ አገዳው ይሳሳል።

በመጨረሻ መጥቶ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ፣ "ለመሆኑ እሷ ብትሆን አሁን ምን ትል ነበር?" አላት።

እናቴ ማሳውን አየችው። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ድምጿን አለሰለሰች።

"የተከበሩ አርሶ አደር፣ ከብቶቹን ዛሬውኑ ያውጡ። ጎረቤት ቢቀየም እኔ አስታርቃለሁ።"

አባቴ ዱላውን ይዞ ተነሳ። ከመቀመጫው ተነሳ ነው የምላችሁ!

የመጀመሪያው ዝናብ በኃይል ወረደ። ውሃው አገዳው ሥር እየተሹለከለከ እዚያው ሰረገ፤ የታችኛው ጥግ ቦታው ላይ ቀረ። እናቴ ልታየው ወጣች። አባቴ ጃንጥላ ይዞላት፣ እሱ እየበሰበሰ ከጎኗ ቆመ። ሁለቱን ከበር ሆኜ ሳያቸው ደስ አለኝ፤ እንባዬም መጣ።

ዘንድሮ የዘር ሰሞን ስልኩ ጮኸ። አባቴ አንስቶ፣ "ይቆዩ የኔ እመቤት፣ ለባለቤቴ ይንገሯት" አለና ለእናቴ አቀበላት። እናቴ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠች። ስልኩን መለሰችለትና እንዲህ አለችው፦

"ገና ልጅ ናት። ግን እየገባት ነው።"