ጋቢ የደረበው ስልክ

ማክሰኞ ይመስለኛል። ረቡዕም ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ላምታታ እችላለሁ። የጎባን ብርድ ግን አላምታታም።

መቼም ስልክም እንደ ሰው ሲያረጅ ጠያቂው ይቀንሳል። የአከራዬ የጋሽ ታደሰ ስልክ በዘመኑ የስልኮች ቁንጮ ነበር። ሮቤ የምትኖረው ልጃቸው ገዝታ ስታመጣላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው ይመጣ ነበር ይላሉ። ኋላ አምራቹ ድርጅት ከእንግዲህ አፕዴት የለህም ብሎ ተወው። ታዲያ በዚያ ማክሰኞ (ወይም ረቡዕ) አንድ ማሳወቂያ መጣ። ድርጅቱ ሐሳቡን ቀይሮ ለድሮዎቹም ስልኮች አፕዴቱን አራዝሟል። ደስ አይልም? እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስልኩ ውስጥ የሟች ባለቤታቸው የእትዬ አስካለ ድምፅ አለ። አንድ አጭር የድምፅ መልእክት ብቻ። ጋሽ ታደሰ በየጠዋቱ ይሰሙታል። እኔም በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ፤ ቃሉ አይለይልኝም እንጂ። አፕዴቱ ቢያጠፋውስ? ካልተጫነ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን በቪዲዮ የሚያዩበት መተግበሪያ ሊዘጋባቸው ነው።

ጠንቃቃ ነህ ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ጠንቃቃ እንኳ አይደለሁም፤ ፈሪ ነኝ። ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል።

ሮቤ ወርጄ ስልክ ጠጋኙን ጀማልን አማከርኩት። የስልኩን ዕድሜ ስነግረው እጁን እንኳ አልዘረጋም። "ሂንቱቂን" አለኝ፤ አትንካው ማለቱ ነው። አሮጌ ስልክ በአፕዴት መሃል ከጠፋ ላይነሳ ይችላል፤ አሮጌ ባትሪ ደግሞ ብርድ አይችልም አለ። እውነቱን ነው። ጋሽ ታደሰ ከጎባም የባሰ ብርድ ያለበት ዲንሾ ለለቅሶ ሄደው ስልኩ ግማሽ ባትሪ እያለው ድርግም ብሎባቸዋል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ወረቀት አወጣሁና ዘጠኝ ነጥብ ጻፍኩ። አንደኛው፣ ድምፁን ወደ እኔ ስልክ መገልበጥ። ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሚስቴን በሰው ስልክ አላሳድርም።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አንደኛውን ሰረዝኩ።

ባትሪውን ሞላሁ። ቻርጀሩንም ሳልነቅል ተውኩት። አፕዴቱን የሚያስጀምረውን ቁልፍ ስጫን ጋሽ ታደሰ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ስድስተኛው ነጥብ መጣ፤ ብርድ እንዳይነካው። የእሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው ተቀብዬ ስልኩን ሁለት ዙር ጠቀለልኩት። በየደቂቃው ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ መልሼ እሸፍናለሁ። መስመሩ እየሞላ ነው። ግማሽ። ከግማሽ በላይ። እንደገና ስገልጠው ጨለማ ነው።

ነካሁት። አቃጠለኝ። ለካ ስልክ አፕዴት ሲጭን ራሱ ይሞቃል። በብርድ እንዳይሞት ብዬ በሙቀት ገድየዋለሁ።

"ምን ሆነ?" አሉኝ።

"ጋሽ ታደሰ፣ አፈንኩት መሰለኝ" አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን ቀስ ብለው ፈተው ወንበር ላይ ጣሉት፤ ስልኩን ክፍት መስኮት ላይ አስቀመጡት። "ይተንፍስ" አሉ። ያለ ጋቢ ብርዱ ላይ ቆመው ጨለማውን መስታወት ብቻ ያያሉ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ሁሉን የምጽፈው ሰውዬ ያንን አልጻፍኩም።

በመጨረሻ ብርሃን መጣ። መስመሩ ከቆመበት ቀጠለ፤ ሞላ። ጋሽ ታደሰ ሌላ ነገር ሳይነኩ ወደ ድምፅ መልእክቱ ሄዱ። ጣታቸው ሁለት ጊዜ ሳተ። ያን ጊዜ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

"አንተ ሰውዬ፣ ጋቢህን ደርብ። ጎባ እኮ እንደ ሮቤ አይደለም።"

ጋቢውን ከወንበሩ አንስተው ደረቡ።

ከሳምንት በኋላ ልጃቸው ስትመጣ ታሪኩን ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች። እትዬ አስካለ የራሳቸው ስልክ ኖሯቸው አያውቅም፤ መልእክቱን የላኩት ሮቤ እሷ ቤት ሆነው በእሷ ስልክ ነው። ዘጠኝ ነጥብ ስጽፍ ከማን ስልክ ተላከ ብዬ አልጠየቅኩም። አላመንኳትምና አሳዪኝ አልኳት። ያንኑ ድምፅ ከራሷ ስልክ ላይ ከፍታ አሰማችኝ፤ አረጋግጫለሁ። እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ስልክ ሲያድሩ ኖረዋል።