የባትሪው መርዶ

እኛ ሞትን በስሙ መጥራት አንወድም። ሽማግሌ ከሆኑ "አረፉ"፣ መነኩሴ ከሆኑ "አንቀላፉ" ይባላል፤ የቅኔ መምህር ከሆኑማ ለመሞታቸው የሚመረጠው ቃል ራሱ ሰምና ወርቅ ያስፈልገዋል። "ሞተ" የሚለው ደረቅ ቃል ለአህያ የተተወ ነው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። የአዲስ አበባ መካኒኮች ግን ይህን ደንብ አያውቁም። ለእነሱ ሁሉም ነገር ይሞታል፤ ፍሬን ይሞታል፣ ጥሩንባ ይሞታል፣ መብራት ይሞታል። አንዳንዱ በማግስቱ ይነሳል። ይህን አነጋገር ይዞ ጎጃም የገባ ሰው ምን እንዳደረሰብን ልንገራችሁ።

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። እኔ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ የተማሪ ቤት ጓደኛዬ መስፍን፣ ሞጣ ያሉትን እናቱን ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ በቀይ የስፖርት መኪና ከች አለ። መኪናዋ ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ ቁመቷም ከወገብ አይበልጥም። ገበያተኛው እህሉንና በጉን ትቶ ከበባት። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አይተዋት ሲያበቁ "የቀረው አካሏ መቼ ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። መስፍን በኩራት አብጦ፣ ሕዝብ እንዲደነቅ መብራቱን አብርቶ፣ ሬዲዮኑን ለቀቀላቸውና ምሳ ልንበላ ገባን። ጨዋታ ይዞን ቆየን። ስንመለስ ሬዲዮኑ ዝም ብሏል። ቁልፉን ሲያዞረው "ቀጭ" አለች፤ ሲደግመው ቀጭም አላለች።

"ባትሪው ሞተ" አለ።

እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልባቸው ደካማ ነው። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ሐኪም አጥብቆ አስጠንቅቋል። ልጁም "ሳልደርስ ስቀር እንዳይደነግጡብኝ" ብሎ ስልክ ቤት ሮጠ። እንዳይደነግጡ! ስልከኛው መጀመሪያ "ሞጣ! ሞጣ! ሞጣ!" ሲል ቆየ፤ ከዚያ መልእክቱን እየቆራረጠ ጮኸ፦ "የመስፍን... መኪና... ባትሪው... ሞተ! ሞተ ነው የምልህ! ሞተ!" ሽቦው እንዳመሉ የፈለገውን ዋጠ። የሞጣው ስልከኛም የሚያውቃቸውን ቃላት ለቅሞ ያዘ። መስፍን፣ መኪና፣ ሞተ።

በማግስቱ እሁድ፣ ደጃፌ ተቀምጠን ባትሪ ከየት እንደሚገኝ ስንማከር፣ ሰው የሞላበት የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘዋል። ፊት ፊት የሚመጡት የመስፍን አጎት ባላምባራስ ተገኘ ናቸው፤ እኔን ሲያዩ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ምን ላድርግ? እኔም አለቀስኩ። ማን እንደሞተ ግን አላወቅሁም።

መስፍን ከኋላዬ ብድግ አለና "ጋሼ፣ ማን ሞተብን?" አለ።

አንዲት ሴት እዚያው ራሷን ስታ ወደቀች። ባላምባራስ "በስመ አብ!" ብለው ሦስቴ አማተቡ። የመስፍን ፊት አመድ መሰለ፤ ሰው በቁሙ ሲለቀስለት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። አጎቱ ፊቱን ደባብሰው ሥጋ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ መሬት ቁጭ አሉ።

"እናትህ!" አሉ።

መርዶ ሥርዓት አለው፤ ለባለቤቱ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እስካሁን አልሰሙም። ጎረቤቱ ግን አንዱ ወንፊት ሊዋስ፣ ሌላው እሳት ሊጭር እያለ ግቢያቸውን ሞልቶታል፤ የጭነት መኪናው አቧራ ከሩቅ ሲታይ፣ ሬሳው ሳይደርስ፣ ቄሱ ሊያረዷቸው ተማክሯል። ስልክ ቤቱ እሁድ ዝግ ነው። መስፍን በጭነት መኪናው ቢሳፈር እሱ ሳይወርድ መርዶው ይቀድመዋል። ቀድማ መታየት ያለባት ቀይዋ ናት። ቀይዋ ደግሞ ሞታለች።

"ግፉ!" አሉ ባላምባራስ።

ሊቀብሩት የመጡት ሰዎች ገፉት። ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ቁልቁለቱን ገፉት። መስፍን ማርሽ ሲያስገባ መኪናዋ አነጠሰች፣ ተንገጫገጨች፣ ነፍስ ዘራች። አልቃሾቹ እልልታውን አቀለጡት! ባላምባራስ የጭነት መኪናውን ይዘው ሲቀሩ፣ እኔ ከመስፍን ጎን ዘልዬ ገባሁ። የመንገዱ ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ እየፋቀው ሞጣ ደረስን፤ መንገዱን ሙሉ "እንዳትጠፋ፣ እንዳትጠፋ" ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ግቢው ስንገባ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ሊናገሩ ቆመዋል። ሴቶቹ መስፍንን አዩትና "ኡኡ!" ብለው ጮኹ። ግማሹ ወደ ጓሮ ሸሸ፤ ግማሹ መሬት ወድቆ ያለቅሳል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት። ቀና ሲሉ ግቢው ሁሉ በእንባ ይታጠባል።

"ኧረ ምን ሆናችኋል? ማነው የሞተው? አትደብቁኝ!"

ቄሱ መስቀላቸውን እንጂ ሰው አያዩም። ያን ጊዜ መስፍን፣ እናቱን ያጽናና መስሎት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣

"ባትሪ ነው የሞተው፣ እማዬ" አለ።

እማማ ጥሩወርቅ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ያዙ። ቀስ ብለው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ።

"እኔን! እኔን ልጄን! የባትሪ እናት ሰምታለች?"