በፍርድ የሞተችው የጉለሌ በቅሎ

ፍርድ ቤት አጥተው ለሚቸገሩ ሕዝቦች ሁሉ ትምህርት ይሆን ዘንድ፣ በጠላት ዘመን በጉለሌ የተፈጸመውን የፍትሕ ሥራ ከዚህ በታች በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ጣልያን ከተማይቱን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት ነበር። የፈረንጁ ችሎት ተከፍቶ ሥራውን ጀምሯል፤ ዳኛው ተከሳሹ የሚለውን አይሰማም፣ ተከሳሹም ዳኛው የፈረደበትን አይሰማም። እኛ ጉለሌዎች ይህን ውርደት አንቀበልም አልን። ሰው መደብደብ ያለበት በገዛ ጎረቤቱና በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

ለዚህ ክብር ያበቃችን የይገዙ በቅሎ ናት። ይገዙ በበቅሎው ጭነት እያመላለሰ የሚኖር ሰው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቢነሳ በቅሎዋ የለችም። ማታ ገመዱን አላልቶ አስሮት እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ፈረንጅ ብቻ ነው። "ተሰረቅሁ!" ብሎ ጮኸ፤ እኛም ተሰረቀ አልን።

አቶ ጉልላት ወዲያው አፈርሳታ ጠሩ። አቶ ጉልላት ከወረራው በፊት የአንድ ትልቅ ዳኛ ጃንጥላ ያዥ ነበሩ፤ ለብዙ ዘመን ከፍርድ አጠገብ ስለቆሙ ፍርድ ተጋብቶባቸዋል። የአፈርሳታ ሥርዓት ደግሞ ግልጽ ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ይዘጋበታል። ሌባውን የሚያውቅ ሰው በሽማግሌው ጆሮ ሹክ ይላል፤ ማን እንደተናገረ አይጠየቅም፣ "ወፍ ነገረችን" ይባላል እንጂ። ወፏ እስክትናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ጣልያን መሰብሰብን ከልክሎ ስለነበር የእኛ ችሎት ለቅሶ እንዲመስል ተወሰነ። የሺ የምትባል ስመ ጥር አልቃሽ የአቶ ጉልላት ግቢ በር ላይ ተቀመጠች። ረፋዱ ላይ ካራቢኒየሪ የሚሉት አንድ የጣልያን ፖሊስ ከነአስተርጓሚው ብቅ አለ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ አስተርጓሚው።

"ገና አልታወቀም ጌታዬ" አለች የሺ፣ ዓይኗን እየጠረገች። "ሲመሽ ይታወቃል።"

ካራቢኒየሪው ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋና ሄደ።

ወፏ ግን ዝም አለች። ዝናቡ አላባራ አለ፣ ሆድ ይጮኻል፣ ያልታለቡ ላሞች ከየቤቱ እምቧ ይላሉ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሰዓት እላፊው ነበር፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ይተኮስበታል። ስለዚህ ለጠላት አልገዛም ያለው የእኛ ችሎት ጠላት በቆረጠለት ሰዓት መጨረስ ነበረበት። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዲት ወፍ ተነፈሰች፤ ከዚያ ወዲያ ግቢው ወፍ በወፍ ሆነ።

"ወፍ ነገረችን!" አሉ አቶ ጉልላት። "ሌባው ደበላ ነው።"

ደበላ እንጨት ሻጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳያጉረመርም የቆመ እሱ ብቻ ነበርና ነገሩ ለሁላችንም ወዲያው ተገለጠልን።

"አቶ ጉልላት፣ እኔ እኮ ያን ሌሊት ወባ ጥሎኝ ነበር። ሾዴን ይጠይቋት፣ ሚስቴን።"

"ወፏን ጠይቀናል፤ ይበቃል።"

"ወፏ ማን ናት?"

"እሱን መጠየቅ ክልክል ነው።"

"እሺ፣ በቅሎዋ የታለች?"

ይህ ጥያቄ ትንሽ አስቸገረ። አቶ ጉልላት ወደ ወፎቹ ተመለሱ። አንዷ ወፍ በቅሎዋ ሸጎሌ ላይ ለጣልያን ተሸጣለች አለች። ሁለተኛዋ ጥይት ተጭና ወደ ፍቼ ስትነዳ በዓይኗ አይታለች። ሦስተኛዋ ላሟ ያልታለበችላት ነበረችና ቸኩላለች፤ በቅሎዋን ገደል ከታ ገደለቻት። ይገዙ ይህን ሲሰማ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ የሺም ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልገው የነበረውን ሟች አገኘች።

ፍርዱ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሾዴ በየሰዉ እግር ላይ እየወደቀች "ስለ መድኃኔ ዓለም!" አለች፤ የሰማት የለም። ደበላን በዱላ እግሩን ሰበርነው፣ ቤቱንም አፈረስነው። ያን አጥንት ሲሰበር የሰማ ሰው እራቱን እንዴት እንደበላ ዛሬም አይገባኝም፤ ሁሉም ግን በልቷል። ፍርዱ ይግባኝ አለው፤ ይግባኝ ባዩ በሁለት እግሩ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ጀምበር ሳትጠልቅ ሁላችንም ቤታችን ገባን።

በሦስተኛው ቀን የይገዙ በቅሎ ከእንጦጦ ጫካ ወርዳ፣ ጠግባና ወዝታ፣ የተፈታ ገመዷን እየጎተተች ደጁ ላይ ቆመች። ይገዙ በደስታ ጮኸ። ጩኸት ሲሰማ መሰብሰብ ልማዳችን ነውና ተሰበሰብን፤ በቅሎዋንም አየን።

"እንግዲያው ደበላ..." ብሎ አንዱ ጀመረ።

"ቆይ!" አሉ አቶ ጉልላት። "የይገዙ በቅሎ ሞታለች። በሕዝብ ፊት፣ በሙሉ ድምፅ ነው የሞተችው።"

"ይቺስ ታዲያ የማን ናት?"

"እኛም የምንጠይቀው እሱን ነው። ይገዙ፣ ይቺን በቅሎ ከየት አመጣሃት?"

"ኧረ የኔው ናት! ራሷ መጣች!"

ሕዝቡ አሰበ። በቅሎዋ በሕይወት ካለች ሁላችንም የደበላን እግር የሰበርን ወንጀለኞች ነን፤ ከሞተች ግን ይቺ የሰው በቅሎ ናት፤ ጥፋተኛውም የሰረቃት ይገዙ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከሚያጠፋና ሰፈር ከሚያጠፋ የቱ ይቀላል? በቅሎዋ ሞታለች ተባለ።

ይገዙ ዙሪያውን ሲያማትር ከፈረሰው ቤቷ የጣሪያ ሣር የምትለቅመውን ሾዴን አየ።

"ሾዴ! ባክሽ እህቴ፣ እንጨት ስትጭኚባት የኖርሽ ነሽ፤ ታውቂያታለሽ። ንገሪልኝ!"

ሾዴ ቀስ ብላ መጣች። በቅሎዋን አየች፣ ይገዙንም አየች። ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር።

"የሱው ናት" አለች። "ጆሮዋ ላይ ያለውን ጠባሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።"

አቶ ጉልላት በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሌባ ሚስት በዚህ ችሎት ምስክር አትሆንም።"

"ደበላ ሌባ አይደለም!" ብሎ ጮኸ ይገዙ። "አልሰረቀኝም!"

"ታዲያ እግሩ ሲሰበር ለምን አልተናገርህም?"

ይገዙ አፉን ከፈተ፤ ሾዴን አየ፤ መልሶ ዘጋው። አቶ ጉልላትም ተከሳሹ ጥፋቱን ማመኑን ለሕዝቡ አስታወቁ፤ ሕዝቡም ዱላውን አነሣ።