አርባ አንድን ማን ይከፍለዋል?

በየከተማው ቁጥር ያገባ ሰው አይጠፋም። የእኛው የእንጅባራው ክቡር መምህር አድማሴ ናቸው። ያገቡትም አርባ አንድን ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ልጅም ስለሌላቸው፣ ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸውና አርባ አንድ ናቸው።

«አርባ አንድ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም!» ይላሉ፣ ጠየቅናቸውም አልጠየቅናቸውም። ቤተ ክርስቲያን አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ሲባል ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ አንድ ከጎደለ ቄሱን በር ላይ ይጠብቃሉ። ባጃጅ ከተሳፈሩ ደግሞ ለሾፌሩ ወዮለት። «አንድ ቁጥር ጥራ። በራሱ አባዛው፣ ራሱን ደምርበት፣ አርባ አንድ ጨምርበት።» ሦስት ካለ ሃምሳ ሦስት ይወጣል፤ እሱም ብቸኛ ነው። ከዜሮ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ሁሉም እንዲሁ ነው። «አርባን ግን አደራ! አርባ ላይ ይፈርሳል» ይላሉ፣ የዘመድ ጉድ እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አብሬያቸው ተሳፍሬ ሰፈሬ ሳልደርስ የወረድኩበት ቀን ብዙ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የሰፈሩ እድር አንድ አባል ሞቱበትና አርባ ሰው ቀረው። በዚያው ሰሞን የታች ሰፈር ሰዎች «ድንኳኑ ለላይ ሰፈር ቶሎ፣ ለእኛ ዘግይቶ ይደርሳል» ብለው እድሩን እኩል ተካፍለው ሊለዩ ተነሱ። ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው መምህር በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ እድር ተመዝገብ። አርባ ከሆንን ይከፍሉናል።»

«ኧረ መምህር፣ እኔ ተከራይ ነኝ!»

«ተከራይ አይሞትም?»

ተመዘገብኩ።

እሑድ የታች ሰፈሩ አቶ ደርበው «እኩል እንካፈልና በሰላም እንለያይ» ሲሉ መምህር ብድግ አሉ። «ለሁለት ብትሉ አንድ ሰው ይተርፋል። ለሦስት ሁለት ይተርፋሉ። ለአራትም ለአምስትም አንድ። የሚተርፈውን ሰው ስም ጥሩና እንካፈል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

«እሱ አይደለም» አሉ መምህር። «የምተርፈው እኔ ነኝ። ጻፉኝ።»

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ካሳነሽ እስክሪብቶ አንስተው አቶ ደርበውን አዩ። አቶ ደርበው «ኧረ በማርያም! መምህርን ማን ሊቀብር ነው?» ብለው ተቀመጡ። እድሩም ሳይከፈል ቀረ፤ ለድንኳኑ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ተሸካሚ ተመደበለት።

ዛሬም እቀልድባቸዋለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ባለፈው ሳምንት አንድ አባል ወደ ዳንግላ ተዛወሩ። መምህርን ጉንፋን ጥሏቸው ነበር። በጠዋት ተነስቼ አጠገቤ የገባውን ወጣት በር አንኳኳሁ።

«ወንድሜ፣ እድር ተመዝገብ፤ አርባ ቀርተናል።»

«እኔ እኮ ተከራይ ነኝ» አለኝ።

«ተከራይ አይሞትም?» አልኩት።