ግብ የሚፈራው አጥቂ

አዳማ ውስጥ ለጉንፋን መድኃኒት የማያዝና የኳስ ቡድን አሰላለፍ የማያወጣ ሰው ካጋጠማችሁ አትጠራጠሩ፣ እንግዳ ነው። እኛ ነዋሪዎቹ ሁላችንም አሰልጣኞች ነን። ጸጉር አስተካካዬ ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ የግራ ተከላካዩን ድክመት ሲያስረዳኝ፣ ሐሳቡን የምቃወምበት ድፍረት ከየት አመጣለሁ? ባጃጅ ነጂው መሪውን ለቆ በሁለት እጁ የማዕዘን ምት አመታት ያሳየኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እንኳ እሁድ ጠዋት ስለ ትዕግሥት አስተምረው ከሰዓት ስታዲየም ሲመጡ፣ ትዕግሥቱን በር ላይ አስቀምጠውት ይገባሉ።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የእውነት አሰልጣኝ መሆን ምን ዓይነት ፍዳ እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ደምሴ ይህን ፍዳ የተቀበለው ወዶ ነው።

ደምሴ አብሮ አደጌ ነው። ለዓመታት የብሔራዊ ቡድኑ አጥቂ ነበር፤ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ሻይ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጆሮውን ያቆም ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ጫማውን ሰቀለና ወደ ትውልድ ከተማው ገባ። የከተማው ቡድን በዚያን ጊዜ ከሊጉ ሊወርድ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበርና አሰልጣኝ አድርገው ሾሙት። እኛም ጮቤ ረገጥን። ያን ሁሉ ግብ ያገባ ሰው፣ ልጆቹን ግብ ማግባት ሳያስተምር ሊቀር ነው?

ቀረ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ተጫዋቾቹ በሙሉ በራሳቸው ግብ ፊት ተደርድረው ፎቶ የሚነሱ ሚዜዎች መሰሉ። ዜሮ ለዜሮ። ቀጣዩም ዜሮ ለዜሮ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ገመቹን ተከላካይ ማድረጉ ነው። ገመቹ ከመልካሳ የመጣ ወጣት ነው፤ ኳስ እግሩ ሥር ስትደርስ ቤቷ የገባች ያህል ትረጋጋለች። እሱን ከኋላ ማቆም ሠርገኛ በቅሎን ወፍጮ ቤት እንደ መላክ ነበር። ሕዝቡ ደምሴን "አቶ ዜሮ" ብሎ ሰየመው።

አንድ ቀን ጭማቂ ቤት አገኘሁትና ጠየቅሁት። "ምነው ደምሴ፣ አንተ ራስህ አጥቂ አልነበርክም?"

"ለዚያ እኮ ነው" አለኝ ፓፓያውን እያማሰለ። "ግብ ማግባት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ስለማውቅ እንቅልፍ የለኝም።"

ምን ይባላል? ሌባ የነበረ ሰው ቤት ሲሠራ በሩን ከሁላችን አብልጦ ይቆልፋል።

የውድድሩ የመጨረሻ ጨዋታ ሻሸመኔ ላይ ሆነ። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን ቡድኑ ይወርዳል፣ ደምሴም ይሰናበታል። ባለቤቱ ነገሩ አላምር ቢላት፣ ከአዲስ አበባ ያመጡትን ዕቃ ከካርቶን ሳታወጣ ነበር የከረመችው። "ለማንኛውም" ትላለች፤ ሌላ አትልም።

በደጋፊዎች አውቶቡስ ውስጥ ከጋሽ በቀለ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሽ በቀለ ደምሴን በልጅነቱ ያሠለጠኑ አዛውንት ናቸው። አርሲ ነገሌን ስናልፍ "ጋሽ በቀለ፣ ይህ ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚፈራው?" አልኳቸው።

"እኔ ነክቼው ነው" አሉ እየሳቁ፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው። "ኳስ ስንነጠቅ ተመለስ፣ ተከላከል እያልኩ ድምፄን የጨረስኩት በእሱ ነው። አንድም ቀን አልተመለሰም። ብሔራዊ ቡድን የደረሰው እኔን ባለመስማቱ ነው። እኔ ግን ያሳደግኩት እኔ ነኝ እያልኩ አወራለሁ። አጥቂ የማይታመን ፍጥረት መሆኑን እሱ አሁን ገና ገባው።"

ጨዋታው እንደ ልማዳችን ሄደ። ሻሸመኔዎች ያጠቃሉ፣ እኛ እንጸልያለን። ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ዳኛው የባከነውን ሰዓት ጨመረ። እነሱ የማዕዘን ምት አገኙና ሁሉም ወደ እኛ ግብ ጎረፉ። ኳሷ ከግርግሩ ተስፈንጥራ ገመቹ እግር ሥር ወደቀች። ከፊቱ ሜዳው ባዶ ነው። ቢነጠቅ ደግሞ ከኋላው የሚተካው የለም።

"ተመለስ" ሲል ጮኸ ደምሴ። ልጁ ሮጠ። በአማርኛ አልገባውም ይሆናል ብሎ ነው መሰል በኦሮምኛ ደገመለት። "ዴቢኢ፣ ገመቹ፣ ዴቢኢ።" ልጁ እንዲያውም ፈጠነ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጋሽ በቀለ ግን ኳሷ ገና ከልጁ እግር ሳትወጣ ይስቁ ነበር። ስገልጥ መረቡ ይወዛወዛል።

ሁሉም ገመቹ ላይ ሲከመር፣ ደምሴ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። በኋላ ልጁ አቀርቅሮ መጣ።

"ኮች፣ አልሰማሁም" አለ።

"በየትኛው ቋንቋ ነው ያልሰማኸው?"

"በሁለቱም።"

ደምሴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዓይኑ ሩቅ ቆመው ወደሚያዩት ወደ ጋሽ በቀለ ሄደ፣ አፉንም መልሶ ዘጋ። ልጁን ብድግ ብሎ አቀፈው። ሲለቀው ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አቧራ ነው አለ። ዝናብ ጥሎ ነበርኮ።

በማግስቱ በሬዲዮ ቀረበ። "ያ ጩኸት አስቀድመን የተስማማንበት ዘዴ ነው" አለ ሳያፍር። "በእኛ ቡድን ተመለስ ማለት ሂድ ማለት ነው። ተጋጣሚን ለማዘናጋት።" ከተማው አመነ። ጸጉር አስተካካዬ ይህን ከመጀመሪያውም ያውቅ እንደነበር ነገረኝ። ጋሽ በቀለ ሬዲዮኑን ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "አሁን አሰልጣኝ ሆነ" አሉ።

ውሉ ታደሰለት። ባለቤቱ ካርቶኖቹን ከፍታ ሰሐኖቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደረች። ገመቹም ዘንድሮ ፊት ተሰልፎ ያጠቃል። ደምሴ ግን ማየት አልቻለም። ልጁ ኳስ ይዞ ወደ ፊት ሲሄድ ጀርባውን ለሜዳው ይሰጥና እኛን ያያል፤ የሆነውን ከፊታችን ያነባል።

ባለፈው እሁድ ከአሰልጣኙ ወንበር ጀርባ፣ ወደ እኛ ሲዞር ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ገመቹ ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኘና መታ። ደምሴ ፊቴን አጥብቆ ተመለከተ።

"ሳታት?" አለኝ።

"ለጥቂት" አልኩት።

ኳሷ በአጥሩ ላይ አልፋ ወጥታ፣ ውጭ ያሉ ሰዎች ከባጃጅ ሥር ሊያወጧት ተንበርክከው ነበር።