የሚስተር ግርሃም አቀባበል

ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን የማንጠራው ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች በቅናት እንዳይታመሙ በማሰብ ብቻ ነው። ሚሊኒየሙ በድምቀት ከተከበረ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ አገር ከመቼውም ጊዜ በላይ በምትገሰግስበት ወቅት፣ ይህ መሥሪያ ቤት አንድ ታላቅ ግኝት ላይ ደረሰ፤ መምህሩም ሆነ ተማሪው እንግሊዝኛ መናገር አይችልም። ግኝቱ በቀላሉ አልተገኘም። ስንት ወርክሾፕ ተካሂዶ፣ ስንት የታሸገ ውሃ ተጠጥቶ ነው።

ችግሩ ከተለየ በኋላ መፍትሔው ቴክኖሎጂ መሆኑን የተከራከረ የለም። ቴክኖሎጂውም ከእንግሊዝ አገር በእርዳታ መጣ፤ እዚያ በየቢሮው ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታቸውን ወሎ እንዲያሳልፉ የተፈረደላቸው ኮምፒዩተሮች ነበሩ። የጫናቸው መኪና ደሴ ከመድረሱ በፊት ከፊሎቹን መንገድ ላይ አራግፏል። የት እንዳራገፈ ግን ማንም አልጠየቀም፤ የደሴ ድርሻ በሰላም ገብቷልና።

የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከሉ ተመረቀ። ተማሪዎች በእጃቸው ላብ ንብረት እንዳያበላሹ በመስኮት በኩል እንዲሳተፉ አቅጣጫ ተቀመጠ። አስተባባሪ ሆኖ የተመደበው መምህር አሞጽ ነበር።

አሞጽ ለዓመታት ኩታበር በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ግሱን ከነእርባታው ጠንቅቆ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን በእንግሊዝኛ ያወራው ሰው የለም። ተማሪዎቹ ይፈሩታል፤ ባልደረቦቹ ደግሞ እሱ በእንግሊዝኛ ሲጀምር አስቸኳይ ሥራ እንዳለባቸው ትዝ ይላቸዋል። ባለቤቱ ሀሴት ቧንቧ ውሃ በተባለው ሰፈር ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ስላላት ደሴ ቀርታ ነበርና፣ እሱ ቤቱ ብቅ የሚለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ልጃቸው ሶፊ አፏን የፈታች ሰሞን በሩን ከፍታ አየችውና «እማዬ፣ እንግዳ መጣ» አለች። ሀሴት ሳቀች። አሞጽ ግን ያን ቀን ምሳው አልወረደለትም። ደሴ የተመደበ ዕለትማ ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ፣ እሁድ ቸርች ሄዶ ቆሞ መሰከረ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሞላ ግን ደስታው ከልክ እንዳያልፍ አሰቡለት።

«ምደባህ ጊዜያዊ ነው» አሉት። «ማዕከሉ ሞዴል ተብሎ ከተመረጠ ትጸናለህ። ካልተመረጠ ኩታበር የትም አልሄደችም።»

አሞጽ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የመጻጻፊያው ፕሮግራም «ሰላም፣ አርተር» ብሎ ተቀበለው። የድሮው ባለቤት ስም መሆኑ ነው።

«ስሙን ልቀይረው እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«ንብረት የሚያዘው በተረከብነው ሁኔታ ነው» አሉ አቶ ሞላ። «አርተር ተብሎ ገቢ ከሆነ አርተር ነው። መመሪያውንስ አንብበሃል?»

አንብቧል። መመሪያው እያንዳንዱ ማዕከል በኢንተርኔት አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው አፈላልጎ በጽሑፍ እንዲወያይ ያዛል። ሰውየው ግን ለማስተማሪያነት እየዋለ መሆኑን ፈጽሞ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ክፍያ በውጭ ምንዛሬ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አስተባባሪው ራሱን እንደ እንግሊዛዊ አድርጎ ያቀርባል። ይህም ውሸት ሳይሆን የአገር ሀብት ጥበቃ መሆኑ በግርጌ ማስታወሻ ተብራርቷል። አሞጽ ውሸት የማይወድ አማኝ ስለነበር ግርጌ ማስታወሻውን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ሶፊ ትዝ አለችውና መጻፍ ጀመረ።

ስክሪኑ ላይ የአርተር የድሮ ወዳጆች ስም ተደርድሯል። ሁሉም ጭር ብለዋል፤ አረንጓዴ መብራት የበራው ግርሃም ከሚባለው አጠገብ ብቻ ነው። አሞጽ «ሃሎ ግርሃም» ብሎ ላከ።

ግርሃም ወዲያው መለሰ። ደህና ነህ ወይ አለ። ጤናህ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆች አደጉ ወይ፣ ጎረቤት ሰላም ነው ወይ፣ ሥራው እንዴት ይዞሃል፣ ዝናቡስ አለ። ሰላምታው ሲያበቃ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

«እንግሊዞች ቀዝቃዛ ናቸው ያለው ማን ነው?» አሉ አቶ ሞላ ከኋላ ቆመው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ስም ማጥፋት ነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሳይጻጻፉ የዋሉበት የሥራ ቀን የለም። አንድ ጠዋት ግርሃም ስለ አየሩ ጠየቀ። አሞጽ በመስኮት ወደ ጦሳ ቢያይ ተራራውን ጉም ውጦታል፤ «ጉም ነው፤ ብርዱም አጥንት ይገባል» ብሎ ጻፈ። ለንደን ጉም እንዳለ መጽሐፍ ላይ ስላነበበ ሕሊናውን አልቆረቆረውም። ግርሃም ግን «እኛ ጋ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎናል፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል» አለ።

«የአየር ንብረት ለውጥ» አሉ አቶ ሞላ። «ሪፖርቱ ላይ ይግባ።»

ደግሞ መብራት ሲሄድ ግርሃምም አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ እሱም ይመጣል። «ይቅርታ ወዳጄ፣ መብራት ሄዶብን ነበር» ይላል። አቶ ሞላ ይህን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንግሊዝ የመብራት ፈረቃ ገብታለች! ያደጉት አገሮች እኛ የደረስንበት ደረጃ ላይ መድረሳቸው በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥ በደማቁ ተጻፈ። አርብ ቀትር ላይ ደግሞ ግርሃም ጨርሶ አይገኝም። «አርብ በዚህ ሰዓት የማልቀርበት ጉዳይ አለኝ» ብሎ ጽፏል።

«ጎልፍ ነው» አሉ አቶ ሞላ፣ ትንሽ አሰብ አድርገው።

ከሁሉ የላቀው ግን የቀጠሮው ነገር ነው። አንድ ቀን ግርሃም «ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ቀጠረ። የፈረንጅ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት የእኛ ሌሊት ዘጠኝ፣ ጅብ ከተማ የሚዞርበት ሰዓት ነው። ይህን ልዩነት አሞጽ ራሱ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ክብ ሰዓት እየሣለ አስተምሯል። ያስተማረው ግን ለተማሪዎቹ እንጂ ለራሱ አልነበረምና፣ በማግሥቱ ልክ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በእኛው ሦስት ሰዓት ቢሮ ገባ። ግርሃም ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

«እንግሊዝና ቀጠሮ!» አሉ አቶ ሞላ።

እውነቱን እንናገር፤ አሞጽ ደስ ብሎት ነበር። ሪፖርቱ አይደለም ያስደሰተው። ያ ሁሉ ዓመት በውስጡ ተቀብሮ የኖረው እንግሊዝኛ የሚሰማው ሰው አገኘ። ሲሳሳት ግርሃም በትህትና ያርመዋል፤ ግርሃም ሲሳሳት ደግሞ እሱ «የለንደን አነጋገር ይሆናል» ብሎ በደብተሩ ይገለብጣል። ማታ ቤቱ ሲገባ ለሀሴት የሚያወራው ስለ ግርሃም ነው።

«ሰውዬው ይህን ያህል ደግ ከሆነ ለምን እውነቱን አትነግረውም?» አለችው።

«ቢርቀኝስ?» አለ አሞጽ። ሶፊ ጭኑ ላይ ተኝታለች። አሁን እንግዳ አትለውም።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ምንኛ ባማረ። ግን ከበላይ አዲስ አቅጣጫ ወረደ። ከደቡብ ወሎ የላቀ ውጤት ያመጡ ሁለት ማዕከላት ተለይተዋል፤ አንዱ የደሴው፣ ሁለተኛው የኮምቦልቻው። ሁለቱም ኮምቦልቻ አዳራሽ በሚደረገው በዓል ላይ የውጭ አጋራቸውን በአካል ያቀርባሉ። ያላቀረበ ማዕከል ይታጠፋል።

አሞጽ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ጸለየ። በማግሥቱ አርተር የተባለው እሱ ለጉብኝት ኢትዮጵያ እንደሚመጣና ኮምቦልቻ በምትባል ከተማ ቢገናኙ እንደሚወድ ጻፈ። ከዚያ መልሱ መጣ፦ «የሚገርም ነው፤ እኔም እዚያው ልጋብዝህ እያሰብኩ ነበር። እገኛለሁ።»

አሞጽ ቢሮው ውስጥ ዘለለ። አቶ ሞላም አብረውት ዘለሉ።

በበዓሉ ቀን የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ተጠማዝዘው ኮምቦልቻ ሲገቡ ሙቀቱ ፊታቸውን መታቸው። አሞጽ ኮቱን አወለቀ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አንድ ነገር ሊታወሰው ሲል አቶ ሞላ አበባ አስያዙትና የአዳራሹ በር ላይ አቆሙት። በአንድ እጁ አበባ፣ በሌላው «እንኳን ደህና መጡ ሚስተር ግርሃም» የሚል ካርቶን። ከጎኑ አንድ ቀጭን መምህር እንዲሁ አበባና ካርቶን ይዞ ቆሟል። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው መንገዱን ያያሉ። ባጃጅ ይመጣል፤ የሚወርደው ሰው ግን ፈረንጅ አይደለም። ፀሐዩ በረታ፤ አበባው ጠወለገ።

«የእናንተም ዘገየ?» አለ ቀጭኑ መምህር፣ ላቡን እየጠረገ።

«ቀጠሮ አክባሪ ነበር» አለ አሞጽ።

«የእኔም ወላሂ ደቂቃ አያዛንፍ» አለና ካርቶኑን ወደ አሞጽ ዞር አደረገው። «እንኳን ደህና መጡ ሚስተር አርተር» ይላል።

አሞጽ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ቀጭኑም የአሞጽን አነበበ። የሁለቱም አበባ እኩል ወደቀ።

«ያ ረቢ!» አለ ቀጭኑ። «ጉም ነው፣ ብርድ ነው ያልከኝ...»

«ከጦሳ ሥር ሆኜ ነው። ሙቀቱ አላስቀመጠኝም ያልከውስ?»

«ይኸው፣ አሁንስ ያስቀምጣል? በሺር እባላለሁ፤ ግርሃም የሚለኝ ኮምፒዩተሬ ነው።»

«አሞጽ። አርብ ቀትር ላይስ የት ነበርክ?»

«ጁምዓ ነዋ!»

«እኛ ጎልፍ ነው ብለን ለበላይ አሳውቀናል!»

እዚያው በሩ ላይ ተቃቅፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ደግሞ አንድ የማይታመን ነገር ሆነ፤ ሳያስቡት በእንግሊዝኛ ጀመሩ። ስለ ሀሴት፣ ስለ ሶፊ፣ ስለ በሺር ሚስት ለይላ፣ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ጠዋት ሦስት ሰዓት አወሩ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ሕዝብ ከበባቸው። ከተጋበዙት ተማሪዎች አንዲቷ ደፍራ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ጠየቀች፤ በሺር መለሰላት፤ ሌላውም ጠየቀ። በመስኮት በኩል ሲሳተፉ የከረሙት ሁሉ አፋቸውን ፈቱ።

የዚህ አሳፋሪ ሁኔታ ወሬ ለበዓሉ ሰብሳቢ ደረሰ። ሰብሳቢው ሁለቱን መምህራንና አቶ ሞላን ከመድረኩ ኋላ ጠሩ።

«ከጠዋት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተነጋግራችኋል የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ አሞጽ። ኩራት ቢጤ ተሰምቶታል።

«በምን?»

አሞጽ ጥያቄው አልገባውም። «በ... በአፋችን።»

ሰብሳቢው መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ገለጡ። «አፍ እዚህ ውስጥ የለም» አሉ። «ኮምፒዩተር አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ገመድ ሳይቀር አለ። አፍ የሚል የት አገኛችሁ?»

«አላገኘንም» አለ በሺር። «ይዘነው ነው የመጣን።»

«ሚስተር ግርሃም የሚባል ሰው ከሌለ ደግሞ» አሉ አቶ ሞላ በጭንቀት፣ «ሪፖርቱስ?»

«ሪፖርቱ ጸድቋል። ስለዚህ ሚስተር ግርሃምም ሚስተር አርተርም አሉ» አሉ ሰብሳቢው። «እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው። እንደ ሚስተርነታችሁ ከጻፋችሁ ምደባችሁ ይጸናል። እንደ መምህርነታችሁ ካወራችሁ ግን ማዕከል የሚባል የለም፤ ሁላችሁም ወደ መጣችሁበት። ከእንግዲህ አንዳችሁ ከሌላችሁ ጋር በአፍ ስትነጋገሩ እንዳልሰማ።»

ሁለት ኮምፒዩተር መድረክ ላይ ወጣ። ሚስተር አርተርና ሚስተር ግርሃም ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ ጀርባቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። እንግዶቹ ቦታቸውን ያዙ። አሞጽ «ሰላም ግርሃም፣ ለንደን እንዴት ነው?» ብሎ ጻፈ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከጀርባው የበሺር ጣቶች መልስ ሲጽፉ ይሰማዋል።

መብራት ሄደ።

ስክሪኑ ጠቆረ። በሺር ወንበሩን ዞር አደረገና፣ አሞጽ ጆሮ ሥር ሆኖ፣ በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛው «ወዳጄ...» ብሎ ጀመረ።

አሞጽ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። የሚለው ነገር ምላሱ ላይ ነበር። ከፊት ወንበር ሰብሳቢው አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አየ። በሩን ከፍታ እንግዳ መጣ የምትለው ሶፊም ታየችው። ቀስ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

በሺር አየው፤ ገባው፤ ወንበሩን መልሶ አዞረ።

«ይህ ነው ሞዴል!» አሉ ሰብሳቢው ብድግ ብለው። «መብራት በሌለበት እንኳ ከመመሪያው ፍንክች የማይል!»

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። በደቡብ ወሎ እርስ በርስ እንግሊዝኛ ማውራት የቻሉት ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ።