ያልደረሰው ሰንጢ

አዲስ ዕቃ ገዝቶ የማይጠቀምበት ሰው የሌለበት ቤት የለም። ቤታችሁ ውስጥ ፈልጋችሁ ካጣችሁት እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው ዣንጥላ ይገዛና ዝናብ ሲመጣ እንዳይርስበት ኮቱ ውስጥ ሸሽጎት ይሮጣል። ሶፋ ይገዛና ላስቲኩን አያነሳም፤ እንግዳ ብድግ ባለች ቁጥር ሶፋው ቀሚሷን ይዞ ያስቀራታል። ለምን ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ «ገና ነው።»

እኔ ይህን ሰው አግብቼዋለሁ። ክቡር ባለቤቴ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ጠባቂ ናቸው። አንቱ የምላቸው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ «አንተ ሰውዬ» ናቸው።

ሰንጢውን የገዙት አብረን ወጥተን ነው። እኔ የምሠራው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የካርቶን ማሰሪያ እየቆረጥኩ እከፍታለሁ። አንዲት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ በተተወ ቢላ ከተቆረጠች ወዲህ፣ ስለቱ ወደ እጀታው የማይገባ ነገር በሩን አያልፍም። በቆረጥን ቁጥር ዘግተን ማስቀመጥ አለብን። መጋዘኑ የሚሰጠን ከተር ምላጩ በአውራ ጣት እየተገፋ የሚወጣ ነው። የእኔ አውራ ጣት ደግሞ አብጦ፣ ጠዋት ጠዋት የሹራቤን ቁልፍ እንኳ አልቆልፍ ብሏል። ከቆራጮቹ ሁሉ ወደ ኋላ የምቀረው እኔ ሆንኩ። በዚህ ከቀጠልኩ ከጠረጴዛው እንደምነሳ ማንም አልነገረኝም፤ ሁሉም ግን ያውቃል።

ባለሱቁ ሰንጢውን ሲያወጣ ክቡርነታቸው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። «እስቲ ክፈቺው» አሉኝ። ሞከርኩ። አዲስ ነውና ድርቅ ብሏል፤ ጣቴ ተንሸራትቶ ሕመሙ እስከ ክርኔ ዘለቀ። ይሄ የጉልበተኛ ነው፣ ለእኔ አይሆንም ብዬ መለስኩላቸው። ከፈሉና ኪሳቸው ከተቱት። በሆዴ፣ በሰበቤ መጫወቻ አገኘ አልኩ።

ከዚያ ስብከቱ ተጀመረ። እጀታው መዳፍ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጀርባው ጣት እንዳይቆረቁር መሞረዱ፣ ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ስለሚቆልፍ ጣት ላይ እንደማይታጠፍ፣ ኪስ ውስጥ መኖሩ እንኳ እንደማይታወቅ። በዚያ ሕንፃ የሚገባ የሚወጣ ሁሉ ይህን ሰምቷል። መዳሰስ ይፈቀዳል፤ መቁረጥ ክልክል ነው። የሦስተኛ ፎቋ ጸሐፊ የታሰረ ዕቃ ይዛ ብትለምናቸው፣ እጀታውን ካስዳሰሷት በኋላ «ገና ነው» ብለው ገመዱን በጥርሳቸው በጠሱላት። የልጃችን ባል ብርቱካን ሊልጥበት ጠይቆ ያው መልስ ሲሰጠው፣ «አባባ፣ ከብርቱካን የሚበልጥ ጠላት አለብዎት እንዴ?» አላቸው። እኔ ሊቀ ሰንጢ ብዬ ሾምኳቸው።

ከስብከቱ የሚብሰው ድምፁ ነው። መክፈት፣ ማጠፍ፤ ቀጭ፣ ጠቅ። ዜና ሲሰሙ ቀጭ፣ ጠቅ። ለጣቴ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ቀጭ፣ ጠቅ፤ ነርሷ ገልመጥ ስታደርጋቸው በክርኔ ጎሸምኳቸው። የስፌት መኪናዬን ዘይት እንኳ ለዚሁ ሰንጢ ጨረሱብኝ።

አንድ ቀን ግን አፍ አውጥቼ ለመንኩ። ከተሩ አልገፋ ብሎኝ ካርቶን የተቆለለብኝ ቀን ነበር። ለነገ ብቻ አውሰኝ አልኳቸው። ጣቴን አዩ፣ ሰንጢውን አዩ፣ አንዴ ቀጭ አደረጉትና «ገና ነው» አሉኝ። ያን ቀን ያልተናገርኩት ክፉ ቃል የለም። ስትሞት አብሮህ ይቀበር አልኳቸው። ጠቅ።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሯ መጣች። የልጄ እኩያ ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ አንገቷን እንኳ ደፋ አድርጋ ነው የነገረችኝ። «እናቴ፣ እርስዎ ይረፉ እንጂ። መጥረጊያው ይሻልዎታል» አለችኝ። ጠረጴዛዬ ጋ ሌላ ሴት ቆማለች፤ እጇ ፈጣን ነው። አንዴ ከጠረጴዛ የተነሳች ተመልሳ አታውቅም፤ ከመጥረጊያው ቀጥሎ ያለው መውጫው በር ነው። ቤት ስገባ አልተናገርኩም። ለማን ብዬ?

ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት ስልጥ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሰንጢውን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«እስቲ አሁን ክፈቺው።»

ላሾፍባቸው አስቤ ነበር። ጣቴን ገና ሳስጠጋው ስለቱ ሳልለምነው፣ ሳያስለምነኝ ወጣ። ምንም አላመመኝም። አጠፍኩት፤ ታጠፈ። ቀና ስል ክቡር አውራ ጣታቸውን አየሁት፤ ጎኑ እንደ ተረከዝ ደርቋል።

«ድርቅ ብሎብሽ ነበር» አሉኝ፣ ጣቱን ኪሳቸው እየከተቱ። «አሁን ደርሷል።»

አያያዝሽ ልክ አይደለም፣ አምጪው ላሳይሽ ብለው ነጠቁኝና ስብከቱን ከእጀታው ጀመሩት። ቆሜ ሰማሁ። እስከ መጨረሻው ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ይዤው ሄድኩ። የሥራ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ እውነትም መኖሩ አይታወቅም። መጥረጊያዬን ተደግፌ፣ ሰው ዘወር ሲል አንዴ እከፍተዋለሁ፣ አንዴ አጥፈዋለሁ። ወለል ላይ የወደቀ ማሰሪያ ሳገኝ ለሁለት እቆርጠውና አብሬ እጠርገዋለሁ። ማታ ቤታችን በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ እንዴት ዋለ ይሉኛል። ጣቴን አላመመኝም እላለሁ። ውሸት አይደለም። ያኔ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር ያየ ሰው የሶፋውን ላስቲክም ይቅር ይላል።

ትናንት ግን በዚህ አልተውኝም።

«ለአለቃሽስ አሳየሻት? ምን አለች?»

ጀርባዬን ሰጥቻቸው ጋዋኔን ማውለቅ ጀመርኩ።

«ገና ነው» አልኩ።